ሞን ቫንቱ፦ የሦስት መንገዶች ተራራ

ሞን ቫንቱ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስ ምድር፣ በቮክሉዝ ግዛት የሚገኝ ተራራ ነው። ብቻውን ነው የቆመው። አጠገቡ የሚከልለው ሌላ ተራራ ስለሌለ ከብዙ ርቀት ይታያል። አናቱ ነጭ ስለሆነ በበጋ ሙቀት እንኳ በረዶ የጣለበት ይመስላል፤ ነጩ ግን የተሰባበረ የኖራ ድንጋይ ነው። በግርጌው ወይን፣ ቼሪና ላቬንደር የሚያለሙ የገጠር መንደሮች አሉ። ዛሬ ዝናው ከብስክሌት ጋር የተያያዘ ነው። ከዓለም ዙሪያ ሰዎች ብስክሌታቸውን አሽገው እዚህ የሚመጡት ይህን አንድ ዳገት ለመውጣት ብለው ነው።

ቁመቱን በተመለከተ መጻሕፍት አይስማሙም። 1,909 ሜትር የሚል አለ፣ 1,910 የሚል አለ፣ የድሮዎቹ ደግሞ 1,912 ይላሉ። እዚህ 1,909 የሚለውን ይዘናል። ለአዲስ አበባ ሰው ቁጥሩ ብዙም ላያስደንቅ ይችላል፤ የተራራው ጫፍ ከመርካቶ ዝቅ ይላል። ቁም ነገሩ መነሻው ነው። ቤድዋን የምትባለው መንደር ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ የተነሳ ብስክሌተኛ በ21 ኪሎ ሜትር ተኩል መንገድ 1,600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ሦስቱ መንገዶች

ወደ ጫፉ የሚወስዱ የአስፋልት መንገዶች ሦስት ናቸው። የሚነሱት ከቤድዋን፣ ከማሎሴንና ሶ ከተባለች ከተማ ነው።

በጣም የታወቀው የቤድዋኑ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰው ያታልላል። አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል በወይን እርሻ መሀል ቀስ እያለ ይወጣል። ሳንት ኤስቴቭ የተባለው ኩርባ ላይ ሲደርስ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ጫካ ነው፤ የዳገቱ አማካይ 9 በመቶ ይጠጋል፤ እግር የሚያርፍበት ሜዳ የለም። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው እዚህ ነው፤ ቀላሉ ክፍል ላይ ጉልበቱን ጨርሶ ይመጣና። ጫካው ሲያልቅ ሻሌ ሬናር የተባለው ማረፊያ ይገኛል፤ 1,417 ሜትር ላይ ነው። የቀረው ስድስት ኪሎ ሜትር ራቁት ድንጋይ ነው፤ ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ። ጫፉ ላይ ያለው ግንብ ከዚህ ጀምሮ ይታያል፤ ግን ቢሄዱ ቢሄዱ አይቀርብም።

የማሎሴኑ መንገድ 21 ኪሎ ሜትር ነው። ከፍታውም ከቤድዋኑ ብዙም የሚያንስ አይደለም። ያም ሆኖ በዝና ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እንደ እኔ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ይህኛው እኩል እየረገጡ የሚወጡት ዳገት አይደለም። ትንሽ ያሳርፍና በድንገት ከ10 በመቶ በላይ ይገተራል። ሞን ሴራን ከተባለው የበረዶ ሸርተቴ ስፍራ በፊት ያሉት ኪሎ ሜትሮች ትንሿን ማርሽ አስገብቶም ያስምጣሉ። ሰማዩ ከጠራ በዚህ በኩል የአልፕስ ተራሮች ይታያሉ። ከማሎሴን ወጣ ብሎ ግሮዞ የተባለ ምንጭ አለ።

የሶው መንገድ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ግን ለስላሳው እሱ ነው። ከተማዋ ራሷ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላለች የሚወጣው ከፍታ ይቀንሳል። ሻሌ ሬናር ላይ ከቤድዋኑ መንገድ ጋር ይገናኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው በዚህ ቢጀምር ማንም አይስቅበትም። ሐምሌ ላይ ሜዳው በላቬንደር ሐምራዊ ይሆናል፤ በነሐሴ 15 ደግሞ በሶ የላቬንደር በዓል ይከበራል።

ከብስክሌት በፊት

ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ በሚያዝያ 1336 ተራራውን እንደወጣ በደብዳቤ ጽፏል፤ በእርግጥ ወጥቶ ነው ወይስ ለምሳሌ ያህል ነው የጻፈው የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ለዘመናት የተራራው ዛፍ ለቱሎን ወደብ የመርከብ ሥራ እየተቆረጠ ሄደ። በ19ኛው መቶ ዘመን ተራራው ተራቁቶ ነበር። ከ1860ዎቹ ጀምሮ የቤድዋን ሰዎች እንደገና ተከሉበት፤ ከአትላስ ተራሮች የመጣ ዝግባ ሳይቀር። ዛሬ ብስክሌተኛው ላቡን የሚያንጠባጥብበት ጫካ እንግዲህ በሰው እጅ የተተከለ ነው። ወደ ጫፉ የሚወጣው መንገድ የተሠራው በ1880ዎቹ፣ እዚያ ላለው የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ተብሎ ነው።

ቱር ደ ፍራንስ

ቱር ደ ፍራንስ፣ በየዕለቱ በተለያየ መንገድ እየተጋለበ ለሳምንታት የሚዘልቀው ታላቁ የብስክሌት ውድድር፣ ሞን ቫንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቋረጠው በ1951 ነው። ልብ ይባል፤ ያን ጊዜ የወጡት በማሎሴን በኩል ነበር። ጫፉን በቀዳሚነት ያለፈው ሉሲያን ላዛሪዴስ ሲሆን፣ የዕለቱን ውድድር አቪኞ ከተማ ላይ ያሸነፈው ሉዊዞን ቦቤ ነው።

በ1955 ተራራው ክፉ ፊቱን አሳየ። ቀኑ እሳት ነበር። ዣን ማሌዣክ የተባለው ፈረንሳዊ ዳገቱ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። አንድ እግሩ ፔዳሉ ላይ ታስሮ እንደቀረ፣ ሌላው አየር ይረግጥ እንደነበር ይነገራል። የውድድሩ ሐኪም ፒየር ዱማ ነፍስ ዘሩበት። የ1950ው አሸናፊ ስዊዛዊው ፌርዲ ኩብለርም በዚያው ዳገት ተንኮታኮተ፤ ከዚያ ዓመት በኋላ ወደ ቱር አልተመለሰም።

ውድድሩ ጫፉ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበቃው በ1958 ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ለብቻው ከሰዓት ጋር የተፋለመበት ቀን ነበር። የሉክሰምበርጉ ሻርሊ ጎል አሸነፈ፤ የዚያን ዓመት ቱርም የእሱ ሆነ። በ1965 ድሉ የሬይሞን ፑሊዶር ነበር።

ሐምሌ 13 ቀን 1967 የሆነውን ግን የማያውቅ ብስክሌተኛ የለም። እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን 29 ዓመቱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ነጩ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ከመሪዎቹ ተነጠለ፤ መንገዱ ላይ ወዲህና ወዲያ ይወላገድ ጀመር። ወደቀ። ወደ ብስክሌቱ መልሰው አወጡት። ትንሽ ሄዶ እንደገና ተዝለፈለፈ። ሐኪም ዱማ እዚህም ደረሱ፤ በዚህኛው ግን አልተሳካም። በሄሊኮፕተር አቪኞ ሆስፒታል ቢወሰድም ሕይወቱ አለፈች። በምርመራ በደሙ ውስጥ አምፌታሚን ተገኘ፤ ሙቀቱና የውሃ ጥሙ ከዚያ ጋር ተደምረው እንደገደሉት ይታመናል። «ብስክሌቴ ላይ መልሱኝ» አለ የሚባለው ነገር ሁሉም የሚደግመው ቢሆንም ጋዜጠኛ የፈጠረው ሳይሆን አይቀርም። በቀጣዩ ዓመት የአበረታች መድኃኒት ምርመራው ጠበቀ። ሲምፕሰን የወደቀበት አካባቢ፣ ጫፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀር፣ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። አላፊ ብስክሌተኞች ኮዳቸውን፣ ካፓቸውን፣ አንዳንዴም የመንገድ ጠጠር ያኖሩበታል። ስንቱ ነው ግን እየወጣ ሳለ የሚቆመው? ብዙው ሰው ሲወርድ ነው የሚያቆም፤ በዚያ ዳገት አንዴ ከብስክሌት ከወረዱ እንደገና መነሳት ቀላል አይደለም።

በ1970 ኤዲ መርክስ አሸነፈ፤ ጫፉ ላይ ደርሶም ኦክስጅን ተሰጠው። መርክስን ያህል ሰው እንዲህ ካደረገ ሌላውን መገመት ነው። ከዚያ ቴቬኔ በ1972፣ በ1987 ዣን ፍራንስዋ ቤርናር፣ በ2000 ፓንታኒ፣ በ2002 ቪራንክ አሸነፉ። በ2013 ድሉ የክሪስ ፍሩም ሆነ።

የ2016ቱ ቀን ለየት ያለ ነው። ሐምሌ 14፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል ነበር። ነፋሱ ጫፉ ላይ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለነፈሰ መጨረሻው ወደ ሻሌ ሬናር ወረደ፤ ስድስት ኪሎ ሜትር ተቆረጠ። ስድስት ኪሎ ሜትር ላይ ሊበተን የነበረው ሕዝብ ታች ተጨናነቀ። በሰው መሀል መሄጃ ያጣ ሞተር ሳይክል ቀጥ ሲል፣ ከኋላው የነበሩት ፖርት፣ ፍሩምና ሞለማ ተጋጩበት። የፍሩም ብስክሌት ተሰበረ። የውድድሩን አጠቃላይ መሪ ቢጫ ማሊያ የለበሰው ፍሩም መኪናው እስኪደርስለት አልጠበቀም፤ በብስክሌት ጫማው ሽቅብ ሮጠ! ዳኞቹ በኋላ ሰዓቱን አስተካከሉለት፤ ቢጫውም አልተነጠቀም። የዕለቱ አሸናፊ ቤልጅየማዊው ቶማስ ደ ጀንት በዚህ ግርግር ተረስቷል ማለት ይቻላል። ለእኛ ያ ዓመት ሌላም ትርጉም አለው፤ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው በዚያው በ2016 ነው።

በ2021 ውድድሩ ተራራውን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አስወጥቶ ማሎሴን ላይ አበቃ። ቫውት ቫን አርት አሸነፈ። በሐምሌ 2025 ደግሞ ፈረንሳዊው ቫለንታን ፓሬ ፔንትር ጫፉ ላይ ቀደመ።

እብዶቹ

ለተራው ብስክሌተኛ ትልቁ ማዕረግ «ሳንግሌ» መባል ነው፤ በአማርኛ እብድ እንደማለት። ክለቡ በ1988 ተቋቋመ። ደንቡ አጭር ነው፦ ሦስቱንም መንገድ በአንድ ቀን መውጣት። በድምሩ 137 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ዳገቱ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ተወዳዳሪ የለም፣ አሸናፊም የለም። በየመንደሩ ካርድ ላይ ማኅተም ያስመታሉ፤ በቃ። ይህ ያላጠገበው በጫካ መንገድ አራተኛ ይጨምራል፤ ስድስት ጊዜ የሚወጡም አሉ።

ዙሪያው

ተራራው ብቻ አይደለም የሚጋለበው። ከቪል ሱር ኦዞን እስከ ሶ በኔስክ ሸለቆ አፋፍ የሚሄደው መንገድ ለስላሳ ነው፤ ዓለት ተፈልፍሎ በተሠሩ አጫጭር ዋሻዎች ያልፋል። ከማዶ የሚታየው ገደል ስሙ «የሰም ዓለት» ነው፤ ከዱር ንብ ያገኘው ስም ነው። በምዕራብ በኩል ሹል ሹል ድንጋዮች የተደረደሩባቸው ዳንቴል ደ ሞንሚራይ አሉ። ዳንቴል ያው እናቶቻችን ለሶፋ የሚሠሩት ዳንቴል ነው፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ሱዜትና ጂጎንዳስ የተባሉት መንደሮች በዚህ በኩል ናቸው። በባቡር ለሚመጣ ሰው ቅርቡ ጣቢያ ካርፓንትራ ነው፤ ከአቪኞ የሚመጣው የሕዝብ ባቡር በ2015 እንደገና ሥራ ጀምሯል።

ነፋሱ፣ ሚስትራል የሚሉት፣ ከሰሜን ሲነሳ ቀልድ አያውቅም። በ1967 በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ተለካ የሚባል ነገር አለ፤ በጥርጣሬ ማየት ይሻላል። የማያጠራጥረው ሲወጡ ላብ፣ ሲወርዱ ብርድ መሆኑ ነው። በነሐሴም ቢሆን የነፋስ ጃኬት ኪስ ውስጥ ይኑር። ከኅዳር አጋማሽ ገደማ እስከ ጸደይ የላይኛው መንገድ በበረዶ ይዘጋል። ሲከፈትና ሲዘጋ መንደሮቹ መውጫ ላይ በተተከለው ሰሌዳ ይገለጻል።