ክርስቲያናዊ ተስፋ ምንድን ነው?

መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ጥቅስ ከስልካችን አይጠፋም። «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የሚለው፣ ኤርምያስ 29፥11። ጥቅሱ ግሩም ነው። የሚከነክነኝ ከሥሩ የሚጻፈው ነው፤ «በዚህ ዓመት ቪዛው ይመታል፣ ቤቱ ይገዛል፣ አሜን በሉ!» ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ተስፋ ማለት የጠየቅከው በዓመቱ ውስጥ እንደሚመጣ አለመጠራጠር ነው፤ ካልመጣ እምነትህ ጎድሏል» ብሎ ጻፈ። ይሄስ ዝም አያሰኝም።

እስቲ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ እንመለስ። ቁጥር 10 ሰባ ዓመት ይላል። መልእክቱ የተላከው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው። ሲነበብ ከሰሙት ጎልማሶች አብዛኞቹ ኢየሩሳሌምን ዳግመኛ ሳያዩ ይሞታሉ ማለት ነው። (ሰባው ዓመት ከየትኛው ምርኮ ይቆጠር በሚለው ሊቃውንት ይለያያሉ፤ የዛሬውን ነገር ግን አይለውጠውም።) ታዲያ ምን አድርጉ ተባሉ? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ።

ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የሚባል ሰው አለ። የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰበራል አለ። ኤርምያስ ለባቢሎን መገዛትን ለማሳየት በአንገቱ ያደረገውን ቀንበር በሕዝብ ፊት ወስዶ ሰበረው። ኤርምያስ መጀመሪያ የመለሰለት «አሜን፥ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ብሎ ነው፤ እሱም መልካሙን ይመኝ ነበር። ግን ሐናንያን እግዚአብሔር አልላከውም። በዚያው ዓመት ሞተ። ወንድሜ አስተያየት ሰጪው፣ ተስፋ ያልከው የሐናንያን ነው። ከኤርምያስ ጥቅስ ሥር ባትጽፈው ምናለ!

ነገሩ ለእኛ ለጎንደር ሰዎች መክበድ የለበትም። እዚሁ ቅርባችን ያለው የደምቢያ ገበሬ ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ሰማዩን ቢያንጋጥጥ ብዙም አያገኝም። ቡቃያው የሚያድገው ጥቁሩ አፈር ክረምቱን ሙሉ በጠጣው ውኃ ነው። ገበሬው የተማመነው ገና በሚዘንበው ሳይሆን አስቀድሞ በዘነበው ነው። የክርስቲያን ተስፋም ሥሩ ያለው አስቀድሞ በተደረገው ነው፤ በክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ። የሚጠብቀውም የሙታንን ትንሣኤና የሚመጣውን ዓለም ሕይወት ነው፤ በጸሎተ ሃይማኖት ዘወትር እንደምንለው። ለዚህ ነው ዓመቱ ደረቅ ቢሆንም የማይጠወልገው። ገበሬው ግን ዘርቶ አይተኛም፤ ጓይ ትል እንዳይጨርስበት ማሳው ውስጥ ይመላለሳል። «ዘንድሮ ስንት ኩንታል ታገኛለህ?» ብትሉት «እግዜር ያውቃል» ይላችኋል። ይህን እምነት ማጣት የሚለው ማን ነው? ምሳሌው የሚያንሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሽምብራ ሊከሽፍ ይችላል። ስለ ክርስቲያን ተስፋ ግን ጳውሎስ «ተስፋም አያሳፍርም» ብሏል፣ ሮሜ 5፥5።

መለመን ይከለከላል አላልኩም። ለሥራ፣ ለቪዛ፣ ለጤና ለምኑ፣ ስእለትም ተሳሉ። ሠለስቱ ደቂቅም፣ ለንጉሡ ጣዖት አንሰግድም ያሉት ሦስቱ ወጣቶች፣ እሳቱ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል ብለዋል። ቀጥለው ያሉት ግን «ባያድነን» ነው፤ ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም። ዳንኤል 3፥18ን በአዲስ ዓመት ፖስትካርድ ላይ አይቼው አላውቅም።

     

ይህን ሁሉ የሚያናግረኝ «ካልመጣ እምነትህ ጎድሏል» የሚለው ቃል ነው። ባለፉት ዓመታት በዚህች በጎንደር ከተማ ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች አሉ። ጸልየው ነበር፣ ጾመው ነበር። አሁን ለቅዱስ ዮሐንስ እንኳን አደረሰሽ ልንል ቤታቸው ገብተን ጥፋቱ ያንቺ ነው ልንላቸው ነው? ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ብሎ ነው። ከነጭራሹ አትዘኑ አላለም።