ስታብላይዘር ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ብዙ ሳሎን ገብታችሁ ከቴሌቪዥኑ ሥር ብታዩ ዳንቴል የለበሰች ሣጥን አትጠፋም። ፊቷ ላይ ቁጥር ይበራል። አልፎ አልፎ «ቀጭ» ትላለች። ስታብላይዘር ማለት እሷ ናት። እኔ ግን በብዙ ቤት ያለቦታዋ ነው የተቀመጠችው ባይ ነኝ።

ሥራዋ የሚገባችሁ የጥምቀት ሰሞን ነው። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ግቢው ሁሉ እንጀራ ይጋግራል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ስናሰላው 18 አምፒር አካባቢ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን አንድ ላይ ሲሰካ ሽቦው ላይ የሚያልፈው ከረንት ይበዛል፣ ሽቦው ራሱም ከቮልቱ ይበላል። ከትራንስፎርመሩ የራቀ ቤት የሚደርሰው የተረፈው ነው። 220 መሆን የነበረበት 170 ይሆናል። አምፖሉ ይፈዛል፣ ምጣዱ አልግል ይላል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም።

ስታብላይዘር ይህን የጎደለ ቮልት ትሞላለች። ሆዷ ውስጥ ትራንስፎርመር አለ፤ ብረት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው፣ ከተለያየ ቦታው ጫፍ ወጥቶለታል። አንዲት ትንሽ ሰርኪዩት የሚገባውን ቮልት እየለካች ለሰዓቱ የሚስማማውን ጫፍ ትመርጣለች። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ሪሌዋ (በራሷ የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስትቀይር ነው። 170 ሲገባ በ1.3 ታባዛውና 220 አካባቢ ይወጣል። ሲበዛ ደግሞ ትቀንሰዋለች።

ጭማሪው ከየት መጣ? ከዚያው ከመስመሩ። ቮልቱን ከፍ ለማድረግ የበለጠ ከረንት ትስባለች፤ ስለዚህ በደካማ መስመር ላይ የእኔ ስታብላይዘር የጎረቤቴን አምፖል ትንሽ ታፈዛለች። ይህንን ቡና ላይ ተናግሬ ሰሚ አጣሁ።

ፒያሳ አንድ ሻጭ «መብራት ሲሄድም ትንሽ ታቆያለች» ብሎኝ ያውቃል። አታቆይም። ባትሪ የላትማ! የሚያቆየው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ የሚባለው ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ። ጀርባውን አንብቡት። ብዙዎቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ተጽፏል። የስልክ ቻርጀርም እንደዚያው ነው። 170 ቮልት ለእነሱ ምንም ማለት አይደለም። ፍሪጅ ግን ሌላ ነው። ኮምፕረሰሩ ሞተር ነው። ቮልት ሲያንሰው መነሳት ያቅተዋል፣ እያጉረመረመ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ ሲደጋገምበት ይቃጠላል። የእኔው ፍሪጅ እንዲህ ሆኖ ነው የሄደው። ቴሌቪዥኔ በስታብላይዘር ተከብሮ ተቀምጧል፣ ፍሪጁ ተራ ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል። ሊጠግን የመጣው ልጅ ሞተሩን ነካ አድርጎ ወደ ሳሎኑ አየና «ጋሼ፣ ይቺን ለማን ነው የገዟት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለፍሪጅ ስትገዙ መጠኑን ልብ በሉ። ፍሪጅ ሲሠራ 150 ዋት ቢስብ ነው፤ ሲነሳ ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ስለዚህ ከ1000 ቪኤ (ቮልት-አምፒር፣ የምትሸከመው ጭነት መለኪያ) በታች አትውረዱ፤ 2000 ቢሆን ይመረጣል። የተለጠፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ በእጃችሁ አንሷት። ብረትና መዳብ ይከብዳል። 2000 ተብላ በአንድ እጅ ብድግ ካለች እኔ አልገዛትም።

«ዲሌይ» ያላት ከሆነች ደግሞ ሳታመነቱ ግዙ። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ የፍሪጁ ጋዝ ገና በግፊት ላይ ነው፤ ሞተሩ ያንን ገፍቶ ለመነሳት ይታገላል። ዲሌይ ያላት ሦስት ደቂቃ ያህል አስጠብቃ ነው የምትለቀው። የሌላችሁ፣ መብራት ሲሄድ ፍሪጁን ንቀሉ፣ ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። ይሄ በነፃ ነው።

ምጣድን በእሷ ላይ መሰካት? በፍጹም። 1000 ቪኤ 4 ኪሎዋት አትሸከምም፤ የጎማ ሽታ ነው የምታሸታችሁ።

ከአቅሟ በላይ የሆነም አለ። ምሰሶው ላይ ኒውትራሉ (ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ) ከተበጠሰ ቤታችሁ የሚገባው ቮልት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ምልክቱ የእናንተ አምፖል ከወትሮው በላይ ቦግ ሲል የጎረቤት መፍዘዙ ነው። ርካሿ ስታብላይዘር ቀድማ ትቃጠላለች። ያኔ ቁጥሯን እያያችሁ አትቁሙ። ሮጣችሁ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ አጥፉ፣ ከዚያ ለመብራት ኃይል ደውሉ።