ስለ ሱ ሺ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቻይናው ባለቅኔ ሱ ሺ (1037–1101 እ.ኤ.አ.)፣ በሌላ ስሙ ሱ ዶንግፖ፣ ብዙ ጊዜ ጽዋውን ይዞ ጨረቃ ሲያይ የኖረ ሰው ተደርጎ ይሳላል። ሰውየው ግን የሶንግ ሥርወ መንግሥት ሹም ነበር፤ ቅኔውም ከሥራው ተለይቶ አይነበብም።

«ሹመት ያገኘው በግጥሙ ነው።»
በ1057 በዋና ከተማዋ በካይፌንግ በተሰጠው የመንግሥት ፈተና ግጥም አንዱ ክፍል ብቻ ነበር። ሱ ሺን ያስጠራው ስለ ሽልማትና ቅጣት የጻፈው ድርሰት ነው። ፈታኙ ተፈታኙን እንዳይለይ ስም ይሸፈናል፤ የእጅ ጽሑፉም እንዳይታወቅ ጸሐፊዎች መልሱን ይገለብጣሉ። ዋናው ፈታኝ ኦውያንግ ሺዩ ድርሰቱ የገዛ ተማሪው መስሎት፣ አዳላ እንዳልባል ብሎ ሁለተኛ እንዳደረገው ይነገራል።

«ለውጥን ሁሉ የሚቃወም ወግ አጥባቂ ነበር።»
የዋናውን ሚኒስትር የዋንግ አንሺን የኢኮኖሚና የአስተዳደር ማሻሻያ ተቃውሟል። በ1079 ግጥሞችህ መንግሥትን ይነቅፋሉ ተብሎ ከመቶ ቀን በላይ ታስሯል። ሆኖም በ1086 የማሻሻያው ተቃዋሚ የነበረው ሚኒስትር ሲማ ጓንግ ማሻሻያውን ጠራርጎ ሊሽር ሲነሳ፣ በግዳጅ ጉልበት ፈንታ ገንዘብ የሚያስከፍለው ሕግ ይቅር መባሉን አልቀበልም ያለው ራሱ ሱ ሺ ነው። ከሁለቱም ወገን ጠላት አፈራ።

«ግዞቱ የዕረፍት ጊዜ ሆነለት።»
ከእስሩ በኋላ በግዞት በተላከበት በሁዋንግጆው ማዕረግ እንጂ ሥልጣን አልነበረውም፤ ደመወዙም ተቋርጦ ነበር። በየወሩ መጀመሪያ 4,500 የመዳብ ሳንቲም በ30 ከፍሎ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ያንጠለጥላል። ጠዋት አንዷን የ150 ሳንቲም ጥቅል በረጅም ዘንግ ያወርድና ዘንጉን ይደብቃል። የተረፈችው ለእንግዳ መስተንግዶ በቀርከሃ ቀፎ ትጠራቀማለች። ይህም ስላልበቃው ጠፍ የሆነ የጦር ሰፈር መሬት አቅንቶ ገብስና ሩዝ ዘራ። በያንግጼ ወንዝ ዳር ስላለው ቀይ ገደል የጻፋቸው ታላላቅ ሥራዎች በ1082 የተጻፉት በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው።

«የሃንግጆው ሐይቅ መንገድ ለውበት ተሠራ።»
በ1089 ሱ ሺ ገዥ ሆኖ ሲመጣ ምዕራብ ሐይቅን አረም ወርሶት ነበር። የከተማው የከርሰ ምድር ውኃ በባሕሩ ምክንያት ጨዋማ ስለነበር ሕዝቡ የሚጠጣው፣ እርሻውም የሚለማው ከሐይቁ ነበር። ሐይቁ ቢደርቅ ከተማዋ አትኖርም ነበር። ለወጪው፣ መነኮሳትን ከግብር ነፃ የሚያደርጉ የመንግሥት የምስክር ወረቀቶችን አስፈቅዶ ሸጠ። የተቆፈረው አረምና ደለል መጣያ ያስፈልገው ስለነበር ሐይቁን የሚያቋርጥ፣ ስድስት ድልድይ ያለው፣ 2.8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መንገድ ተሠራበት። አረሙ ተመልሶ እንዳይበቅል ዳር ዳሩ ለምግብ ተክል አብቃዮች ተከራየ፤ እነሱ ለመትከል ሲሉ በየጸደዩ ያርማሉ። እርሻው ወደ መሐል እንዳይገፋ የድንጋይ ምልክት ተተከለ፤ ኪራዩም ለጥገናው እንዲውል ተወሰነ።