ዛፍ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ሲቆም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሲተከል ከሩቅ ይታይ የነበረ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ዓመታት አልፈው የመንገድ ዳር ዛፎች ሲያድጉ ቀስ በቀስ መጋረዱ የተለመደ ነው። የሰሌዳው ባለቤት ዛፉ እንዲቆረጥለት ይጠይቃል፣ በአካባቢው የሚኖረው ሰው ይቃወማል፤ «ቆርጠን በምትኩ ሌላ እንተክላለን» የሚለው ሐሳብም እንደ አስታራቂ ይቀርባል። በዚህ ክርክር ከሁለቱም ወገን የሚነሱ፣ ሲመረመሩ ግን የማይጸኑ አመለካከቶች አሉ።

«ሰሌዳው በፈቃድ የቆመ ስለሆነ የመታየት መብት አለው።»

ሰሌዳ ለማቆም የሚሰጥ ፈቃድና ሰሌዳው ከመንገድ እንዲታይ የሚያስገድድ መብት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙውን ጊዜ ሰሌዳው የሚቆመው በግል ይዞታ ላይ ሲሆን፣ ዛፉ ግን በመንገዱ ወሰን ውስጥ ስለሚገኝ የሕዝብ ንብረት ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስድ ጎዳና ላይ ዘንባባ በመትከሉ «ሰሌዳዎቼ ተጋረዱብኝ» ያለ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ካሳ ጠይቆ ነበር፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ድርጅቱ ካሳ የሚያስገኝ የመታየት መብት እንደሌለው ወስኗል። ባለቤቱ በራሱ ውሳኔ ሠራተኛ ልኮ ዛፉን ቢያስቆርጥ ወይም ሥሩ ላይ መርዝ ቢያስረጭ፣ ያጠፋው የሌላ ወገን ንብረት ነው።

«ለማስታወቂያ ተብሎ ዛፍ መቁረጥ የትም ቦታ የተከለከለ ነው።»

ይህም እውነት አይደለም። ለምሳሌ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የአውራ ጎዳና ማስዋብ ሕግ ሰሌዳዎችን የመቆጣጠር ኃላፊነት የጣለው በክፍለ ግዛቶቹ ላይ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ በርካቶቹ ዕፅዋትን በፈቃድ መቁረጥ የሚቻልበትን ሥርዓት ዘርግተዋል። በፍሎሪዳ ሕግ የሰሌዳው የእይታ ክልል (ሰሌዳው እንዲታይ ዕፅዋት በፈቃድ የሚቆረጡበት የመንገድ ዳር ርዝመት) በፈጣን መንገዶች ላይ 150 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አዲስ የእይታ ክልል የሚጠይቅ ባለቤት ከደንቡ ጋር የማይጣጣሙ ሁለት ሰሌዳዎቹን እንዲያነሳ ይጠበቅበታል። እንዲህ ያለው ልውውጥ ከባዶ ክልከላም ሆነ ከልቅ ፈቃድ የተሻለ ይመስለኛል። ቨርሞንት፣ ሜይን፣ ሃዋይና አላስካ ግን እንዲህ ያሉትን ሰሌዳዎች ጭራሽ ስለከለከሉ ጥያቄው እዚያ አይነሳም።

«ዛፉ ካልተቆረጠ ሰሌዳው ሊታይ አይችልም።»

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አሽከርካሪ በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ 150 ሜትር የሚያልፈው በአምስት ሰከንድ ተኩል ውስጥ ነው። ለሰሌዳው ወሳኙ ነገር በእነዚህ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከአሽከርካሪው ዓይን እስከ ሰሌዳው የሚዘረጋው መስመር ነው። ከዓይን ከፍታ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣው ይህ መስመር ከእያንዳንዱ ዛፍ ጋር የሚገናኝበት ከፍታ የተለያየ በመሆኑ፣ በአንዱ ላይ የታችኞቹን ቅርንጫፎች ማንሳት ብቻ ይበቃል፣ በሌላው ላይ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለውን ቅርንጫፍ ማሳሳት ያስፈልጋል፤ ምንም ቢደረግለት ከመጋረድ የማይመለሰው ዛፍ ከጠቅላላው ጥቂቱ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ወደ መንገዱ መመልከት አያዋጣም፤ መንገዱ ላይ ሆኖ ከአሽከርካሪው ቦታ መለካት ይገባል።

ሆኖም መከርከም ማለት አናትን መጎመድ አይደለም። አናቱ የተጎመደ ዛፍ ቁስሉ ይበሰብሳል፣ በቁጣ የሚያወጣቸው አዳዲስ ቀንበጦችም ከግንዱ ጋር ያላቸው ትስስር ደካማ ስለሆነ በነፋስ ይገነጠላሉ፤ ይባስ ብሎ ቀንበጦቹ ከቀድሞው ይልቅ ጥቅጥቅ ብለው ስለሚያድጉ ሰሌዳው ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይጋረዳል። በአንድ የመከርከሚያ ወቅት ከጠቅላላው ቅጠል ከሩብ በላይ አለማንሳት በዛፍ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ልክ ነው።

«አንድ ተቆረጠ፣ አንድ ተተከለ፤ ሒሳቡ ተዘጋ።»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። የግንዱ ውፍረት ከዳር እስከ ዳር 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ ተቆርጦ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ችግኝ ይተካ እንበል። የግንዶቹ ስፋት በካሬ ሲሰላ የመጀመሪያው 1,257 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ሁለተኛው ደግሞ 20 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ አንዱን ትልቅ ዛፍ በግንድ ልክ ለማካካስ 64 ችግኞች ያስፈልጋሉ። ጥላውና አቧራ የሚይዘው ቅጠል የጠፋው ደግሞ ዛሬ ነው፤ ችግኙ የሚመልሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ምትክ በግንድ ውፍረት እንጂ በቁጥር ብቻ መለካት የለበትም።

መትከሉም የሥራው ፍጻሜ አይደለም። የተተከለ ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውኃ ካላገኘ የመድረቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ጉድጓዱ ከሥሩ ጥቅል ሁለትና ሦስት እጥፍ ሰፊ ሆኖ፣ ግንዱ ወደ ሥር መስፋት የሚጀምርበት ቦታ ግን ሳይቀበር ከአፈሩ ወለል ጋር መተካከል አለበት። ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ለተከላው የሚከፈለውንም ሆነ በዋስትና የተያዘውን ገንዘብ ችግኙ በተተከለበት ዕለት ሳይሆን መጽደቁ ሲረጋገጥ ቢለቅ ይሻላል። ምትኩን በዚያው የእይታ መስመር ላይ ማቆምም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ ክርክር መልሶ ይጠራል፤ ከሰሌዳው ፊት አድጎ ሲያበቃም አጭር የሚሆን ቁጥቋጦ መትከል፣ ረጃጅሞቹን ዛፎች ደግሞ ከእይታ ክልሉ ውጭ ማዛወር ይሻላል።

«ከተቆረጠ በኋላ ችግሩ ያበቃል።»

ባሕር ዛፍን የሚያውቅ ሰው ይህን አይልም። ብዙ የዛፍ ዓይነቶች ከጉቶአቸው ያቆጠቁጣሉ፤ አንድ ግንድ የነበረው በርካታ ቀንበጥ ሆኖ ይነሳል።

«የመንገድ ዳር ዛፍ ለተሽከርካሪ አደገኛ ስለሆነ መቆረጡ ለደኅንነት ነው።»

ከመንገዱ ጠርዝ በጣም የቀረበ ወፍራም ግንድ ከመንገድ ለወጣ ተሽከርካሪ አደገኛ መሆኑ እውነት ነው፤ የመንገድ መሐንዲሶችም ከጠርዙ ጀምሮ ከእንቅፋት ነጻ የሚደረግ ርቀት ይወስናሉ። ይሁን እንጂ ይህ ርቀት የሚወሰነው በፍጥነት፣ በተዳፋትና በትራፊክ ብዛት ነው፤ ማስታወቂያ የት እንደቆመ በስሌቱ ውስጥ አይገባም። ከሰሌዳው ፊት ያሉት ዛፎች ብቻ ተለይተው ተቆርጠው፣ ከእነሱ ይልቅ ለአስፋልቱ የቀረቡት ግራና ቀኝ ሳይነኩ ከቀሩ፣ በማመልከቻው ላይ የተጻፈው «ደኅንነት» የሚለው ምክንያት የትክክለኛው ምክንያት ሽፋን ነው።