ጥዱን ከመቁረጥ በፊት፦ ስለ ዛፍና ስለ ውሻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ገና ሊደርስ ሲል፣ ባሕር ዳር የሚጎራበቱን አንዲት እናት መጥረቢያ ሊዋሱ መጡ። ውጭ አገር ያለች ልጃቸው «ፈር የሚባለው የገና ዛፍ ለውሻ መርዝ ነው» ብላ ደውላላቸው፣ ከደጃቸው የቆመውን ጥድ ሊያስቆርጡ ነበር። ተከትያቸው ስሄድ ቡችላው ወደ ጥዱ ዞር ብሎም አያይም፤ በሩ አጠገብ ከተተከለው አጭር «ዘንባባ» የወደቀ ቀይ ፍሬ እያንከባለለ ይጫወታል። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

«ጥድና ፈር አንድ ናቸው»

አይደሉም። ፈር በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው በሞሮኮና በአልጄሪያ ተራሮች ነው። እኛ ለገና የምንቆርጠው በአብዛኛው የፈረንጅ ጥድ ሲሆን፣ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር የሚታየው የሐበሻ ጥድ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል።

«ፈር ውሻን ይገድላል»

ፈር ራሱ ከባድ መርዝ የለውም። ሙጫውና ዘይቱ አፍንና ሆድን ስለሚያስቆጣ፣ ያኘከው ውሻ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ ያስመልሰዋል። መርፌ መሰል ቅጠሉን በብዛት ከዋጠ አንጀቱ ሊጎዳ ወይም ሊዘጋ ይችላል። በበዓል ሰሞን እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ዛፉ ላይ የሚንጠለጠለው ነው፤ የሚያብረቀርቀው ክር ከተዋጠ አንጀትን ይተበትባል፣ የመብራቱ ሽቦ ሲታኘክ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ዛፉ የቆመበት ባልዲ ውስጥ ማዳበሪያ ከተጨመረ ውሃውም ለውሻ አይሆንም።

«ዘንባባ የሚመስል ሁሉ ዘንባባ ነው»

ከተማችን በዘንባባዋ ትታወቃለች፤ በየጎዳናው የቆሙት እውነተኛ ዘንባባዎች ቅጠላቸው ለውሻ መርዝ አይደለም። በየግቢው ለጌጥ የሚተከለው ሳይካስ ግን ሌላ ነው። አጭር ነው፣ ግንዱ ሸካራ፣ ቅጠሉ ደረቅና ጫፉ የሚዋጋ። በዘሩ ከዘንባባ ይልቅ ለጥድ ይቀርባል። ሥሩም ቅጠሉም መርዛማ ነው፤ ፍሬው ከሁሉ ይከፋል፣ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ውሻን ሊገድል ይችላል። መጀመሪያ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ በቀናት ውስጥ ጉበቱ ይጎዳል፣ ድዱና የዓይኑ ነጭ ቢጫ ይሆናል። እማማ ይህን ሲሰሙ መጥረቢያውን ትተው ዶማ ጠየቁ። ሥሩ ከቀረ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ከነሥሩ ነቀልነው፤ ፍሬውንም አንድ በአንድ ለቀምን።

«ጉሎ የቤት ነገር ነው»

ምጣድ የሚታሰስበት ስለሆነ አንፈራውም። ፍሬው ሲታኘክ ግን ራይሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ይለቃል፤ ምልክቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ነው። ውሻ የሚውልበት ግቢ ውስጥ ጉሎ መኖር የለበትም።

«ውሻ የሚጎዳውን ያውቃል»

ቡችላ ያገኘውን ሁሉ በአፉ ይሞክራል። ትልቁም ቢሆን አያውቅም።

«ወተት ማርከሻ ነው»

በጣም የምንወደውና ብዙ ጊዜ የሚያሳጣን እምነት ይህ ነው። ወተት የሳይካስንም የጉሎንም መርዝ አያረክስም፤ ውሻው እስኪሻለው ስንጠብቅ ግን ሐኪም ሊረዳው የሚችልበት ሰዓት ያልፋል። ውሻው ደህና ቢመስል እንኳ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ከበላው ተክል ቅጠል ወይም የተረፈ ፍሬ በላስቲክ ያዙ፤ ምን ያህል እንደበላና በስንት ሰዓት እንደሆነም ለሐኪሙ ንገሩ።