ምግብ ላይ የሚደረግ ማጭበርበርና ሆን ተብሎ የሚፈጸም ብክለት፦ እንዴት ነው የሚከላከሉት?

ምግብ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የማንም ክፋት የለበትም። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሳይሰራ ያድራል፣ ወተቱ ፀሀይ ላይ ይውላል፣ ሰራተኛው እጁን ሳይታጠብ ይገባል፣ በቃ። ለዚህ አይነቱ ችግር የምግብ ፋብሪካዎች ሀሲፕ የሚባል አሰራር አላቸው፣ ችግሩ የቱ ጋ ሊፈጠር እንደሚችል ቀድሞ ለይቶ እዛው ቦታ ላይ መቆጣጠር ነው። ይሄ ጽሁፍ ግን ሰው አውቆ ስለሚያደርገው ነው፣ እሱም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ለትርፍ ብሎ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ነው፣ ይሄ ሰውዬ ደንበኛው እንዲታመም አይፈልግም፣ እንዳይነቃበት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁለተኛው ሰው ለመጉዳት ወይም ድርጅቱን ለመበቀል ብሎ የሚበክል ነው። ፋብሪካዎች የመጀመሪያውን ለመከላከል የሚሰሩት ጥናት ቫሲፕ፣ የሁለተኛው ደግሞ ታሲፕ ይባላል። ሁለቱንም ከሀሲፕ የሚለያቸው ነገር ባክቴሪያ ተንኮል አያውቅም፣ ሰው ግን ያውቃል፣ ምርመራው ምን እንደሚፈልግ አጥንቶ በጎኑ ያልፋል።

የመጀመሪያውን አይነት ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። በርበሬ ውስጥ የተፈጨ ሸክላና ቀይ አፈር፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ የተፈጨ ቡና ውስጥ የተቆላ ገብስና ሽምብራ፣ ወተት ውስጥ ውሃ፣ እንጀራ ውስጥ ደግሞ ጀሶና ሰጋቱራ እየተባለ ስንት ጊዜ ዜና ሰምተናል። ቅቤ ለብቻው ነው። ሙዝና ድንች ይገባበታል፣ የሚረጋ የፓልም ዘይት ይገባበታል፣ አንዳንዱማ ከላይ ንጹህ ለጋ ቅቤ ለብጦ መሃሉን ሌላ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ቅቤ የምታውቅ ሴት ከላይ ቀምሳ አትገዛም፣ እንጨት ከመሃል ወግታ ታወጣና እጇ ላይ አሽታ ታሸተዋለች። እሷም ብትሆን እርግጠኛ የምትሆነው ቤት ወስዳ ስታነጥረው ነው፣ ያኔ ሙዙ ከድስቱ ስር ይቀራል፣ ፓልም ዘይቱ ግን አብሮ ይቀልጥና አይታወቅም። ይህቺ ልዩነት ትንሽ ትመስላለች እንጂ የጉዳዩ ዋና ነገር እሷ ናት፣ ምርመራ የሚያገኘው የፈለገውን ብቻ ነው።

ይሄንን ከማንም በላይ የሚያሳየው በቻይና በፈረንጆቹ 2008 የወጣው የወተት ጉዳይ ነው። እዛ አገር ወተት ከትናንሽ አርቢዎች ይሰበሰብና በመሃል ባሉ ሰብሳቢዎች በኩል ፋብሪካ ይገባል፣ ሰብሳቢው ውሃ ይጨምርበታል፣ ውሃ ሲጨመርበት ፕሮቲኑ ይወርዳል፣ ፋብሪካው ደግሞ ፕሮቲኑ ካነሰ አይቀበልም። አሁን ፋብሪካው ፕሮቲንን እንዴት ነው የሚለካው? በቀጥታ አይደለም። ኬልዳል በተባለ የዴንማርክ ኬሚስት ስም የሚጠራ በ1883 የወጣ ዘዴ አለ፣ ወተቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ይለካና በ6.38 አባዝቶ ይሄን ያህል ፕሮቲን አለው ይላል። ናይትሮጅኑ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ሜላሚን የሚባለው ኬሚካል፣ አዎ ያ ወድቆ የማይሰበር ሳህን የሚሰራበት፣ በክብደቱ ሁለት ሶስተኛው ናይትሮጅን ነው። ትንሽ ሜላሚን ውሃ በተጨመረበት ወተት ላይ ጣል ሲደረግ መሳሪያው ጥሩ ወተት ነው ይላል ማለት ነው። ወተቱ ሳንሉ በተባለ ትልቅ ኩባንያና በሌሎችም የህጻናት ዱቄት ወተት ሆነ፣ ህጻናቱ ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ተፈጠረ፣ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ታመሙ፣ ስድስት ህጻናት ሞቱ። ሁለት ሰዎች በ2009 በሞት ተቀጡ፣ የሳንሉ ሊቀመንበር የነበረችው ደግሞ እድሜ ልክ ተፈረደባት።

የሚያናድደው ምልክቱ ቀድሞ ታይቶ ነበር። በ2007 አሜሪካ ውስጥ ውሾችና ድመቶች በኩላሊት መሞት ጀምረው ሲጣራ ከቻይና በመጣ የስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ያው ሜላሚን ተገኝቷል። ናይትሮጅን ለክቶ ዋጋ የሚከፍል ሁሉ፣ ወተትም ይሁን ስንዴ፣ ለዚህ ዘዴ ክፍት እንደሆነ ያኔ መገመት ይቻል ነበር። ዛሬ የማጭበርበር ተጋላጭነቱን የሚያጠና ፋብሪካ የመጀመሪያ ስራው ይሄ ነው፣ በሌላ አገርና በሌላ ምርት ላይ የተያዘውን ማጭበርበር እያነበበ እኛ ጋ ቢሆንስ ብሎ መጠየቅ።

ጥናቱ ሲታይ ከላብራቶሪ ይልቅ ወደ ንግድ እውቀት ያደላል። ጥሬ እቃው ዋጋው በድንገት ወጥቷል ወይ? ምርቱ ዘንድሮ ቀንሶ ገበያው ላይ ያለው ግን ካልቀነሰ ትርፉ ከየት መጣ? ከገበሬው እስከኛ ስንት እጅ ነካው? የተፈጨ ነው ወይስ ያልተፈጨ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች ግን ትልቅ ናት፣ ዛላ በርበሬ ውስጥ ሸክላ አይደበቅም፣ ድልህና ዱቄት ውስጥ ግን ይደበቃል። እናቶቻችን ዛላውን ገዝተው፣ ቀንጥሰው፣ አድርቀው፣ ወፍጮ ቤት ሄደው እስኪፈጭ እዛው ቆመው የሚጠብቁት ለዚህ ነው፣ ትልልቅ ኩባንያዎች አሁን በብዙ ገንዘብ አማካሪ ቀጥረው የደረሱበትም እሱው ነው፣ ቅመሙን ሳይፈጭ ግዛ፣ ወይም ከሚፈጨው ሰውዬ ጋር ቀጥታ ተዋዋል፣ መሃል ያለውን ሰንሰለት አሳጥር። ለኛ አገር ደግሞ የበዓል ሰሞን የሚባል ነገር አለ፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የቅቤ ዋጋ ሲሰቀል ፈተናውም አብሮ ይሰቀላል፣ ቁጥጥሩ ዓመቱን ሙሉ እኩል ቢሆን ዋጋ የለውም።

ቅመም ላይ በዓለም ብዙ ነገር ተፈጽሟል። በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ሱዳን 1 የሚባል ለጫማ ቀለምና ለሰም የሚሆን ቀይ ማቅለሚያ ሚጥሚጣ መሰል ዱቄት ውስጥ ተገኝቶ፣ ያ ዱቄት አንድ ሶስ ውስጥ ገብቶ፣ ሶሱ ደግሞ በየተዘጋጀው ምግብ ውስጥ ገብቶ ከ400 በላይ የምርት አይነቶች ከሱቅ ተሰብስበዋል። በ2023 ደግሞ ቀረፋ የገባበት የህጻናት የተፈጨ አፕል ውስጥ እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ተገኝቶ አሜሪካ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ደማቸው ውስጥ እርሳስ ታይቷል። ደስ የሚለው ታሪክ የባንግላዴሽ ነው። እዛ እርድ ደምቆ ቢጫ እንዲመስል ሌድ ክሮሜት የሚባል የእርሳስ ቀለም ይቀቡት ነበር፣ በ2019 ተመራማሪዎች ይሄን ይፋ ሲያወጡ መንግስት በጅምላ ገበያው ላይ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ ይዞ ገባ፣ ነጋዴ እዛው ተያዘ፣ እዛው ተቀጣ፣ ዜናው በቲቪ ተሰራጨ፣ እርሳስ የሚገኝበት የገበያ ናሙና ከ47 በመቶ በ2021 ወደ ዜሮ ወረደ። ቸርቻሪውን ሲያሯሩጡ ቢውሉ ይሄ ውጤት አይመጣም ነበር ብዬ ነው የማስበው፣ ጅምላ ገበያው ጥቂት ሰው ነው፣ እዛ ከተያዘ ታች ያለው በራሱ ይጠራል።

ወረቀት ግን አያድንም። አቅራቢው የሚያመጣው የላብራቶሪ ሰርተፊኬት እሱ መርጦ ያስመረመረውን ናሙና ነው የሚናገረው። በ2013 አውሮፓ ውስጥ የበሬ ተብሎ የተሸጠው ስጋ የፈረስ ሆኖ ሲገኝ፣ አየርላንዶች የመረመሩት አንድ በርገር ውስጥ ካለው ስጋ እንዲያውም 29 በመቶው ፈረስ ነበር፣ ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነበር። ማንም የፈረስ ዲኤንኤ ፈልጎ አያውቅም ነበራ። ከዛ በኋላ ነው እንግሊዝ የምግብ ወንጀልን ብቻ የሚከታተል ክፍል ያቋቋመችው፣ ሳይነገር ድንገት ሄዶ ኦዲት ማድረግና ከደረሰኝ ጋር ሚዛኑን ማስታረቅም የተለመደው። ይሄ ማስታረቅ የሚሉት በጣም ቀላል ሂሳብ ነው፣ አቅራቢው 10 ኩንታል ንጹህ ማር ገዝቶ 15 ኩንታል ከሸጠ ላብራቶሪ አያስፈልግም።

ወደ ሁለተኛው እንምጣ፣ ለጉዳት ተብሎ የሚደረገው። በ1984 አሜሪካ ኦሪጎን ግዛት ዘ ዳልስ በምትባል ከተማ ራጅኒሽ የተባለ ህንዳዊ የሃይማኖት መሪ ተከታዮች በ10 ሬስቶራንቶች የሰላጣ ባንኮኒ ላይ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ረጭተው 751 ሰው ታሟል፣ አላማቸው ህዝቡ ታሞ የአካባቢው ምርጫ ላይ እንዳይወጣ ነበር። የሞተ የለም። የጤና መርማሪዎቹ መጀመሪያ የምግብ አዘጋጆቹ ንጽህና ጉድለት ነው ብለው ነበር፣ ሰው አውቆ ያደርገዋል የሚለው አልታሰባቸውም፣ እውነቱ የወጣው በዓመቱ ራሳቸው እርስ በርስ ሲጣሉ ነው። የፋብሪካ ውስጥ አደጋ ግን ከእንደዚህ አይነቱ ቡድን ይልቅ ከቅርብ ሰው ነው የሚመጣው። በጃፓን ጉንማ በ2013 መጨረሻ የቀዘቀዘ ምግብ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ በክፍያው የተበሳጨ የኮንትራት ሰራተኛ ማላቲዮን የሚባለውን ፀረ ተባይ ምግቡ ላይ ጨምሮ ኩባንያው 6.4 ሚሊዮን ፓኬት ለመሰብሰብ ተገዷል።

አሜሪካኖች በ2011 ባወጡት የምግብ ደህንነት ህግ ስር በ2016 ለዚህ ብቻ የሚሆን ደንብ አወጡ፣ ትልልቅ ፋብሪካዎች የመከላከያ እቅድ በጽሁፍ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ደንቡ አጥሩ ጋ አይደለም የሚያተኩረው፣ አራት ቦታ ላይ ነው፦ ፈሳሽ በብዛት የሚራገፍበትና የሚጫንበት፣ ፈሳሽ የሚቀመጥበት ታንከር፣ ትናንሽ ግብዓቶች የሚመዘኑበት፣ እና መቀላቀያው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ እዛ አንድ ጆግ ነገር የጨመረ ሰው ሙሉውን ምርት ያዳርሳል፣ ብስኩት ማሸጊያው ጋ ያለ ሰው ግን አንድ ሁለት ካርቶን ነው የሚነካው። መፍትሄዎቹም ቢሆኑ ውድ አይደሉም፣ የታንከሩ ክዳን ላይ ሲከፈት የሚታወቅ ቁጥር ያለው ማሸጊያ (ሲል) ማድረግ፣ የሌሊት ፈረቃ ላይ መቀላቀያው ጋ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይቆም ማድረግ፣ የሚመለከተው ሰው ብቻ የሚለብሰው የተለየ ቀለም ያለው ጋውን፣ የጽዳት ኬሚካልና የአይጥ መርዝ ከጥሬ እቃ ስቶር ማራቅ፣ ስራ የለቀቀ ሰው ቁልፉንና መታወቂያውን የዛኑ ቀን መቀበል። እኔ የምጨምረው የሰራተኛ ቅሬታ የሚሰማበት መንገድ ነው፣ ብዙ ኩባንያ ካሜራ ይገዛና እሷን ይረሳታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ህጉ አለ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ ማምረትም መሸጥም ይከለክላል፣ የፌዴራሉ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን እና የየክልሉ ተቆጣጣሪዎች ያስፈጽማሉ። ችግሩ የሚገዛው ነገር አብዛኛው ስምም ባች ቁጥርም (በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየው ቁጥር) የሌለው መሆኑ ነው፣ በፌስታል የተመዘነ በርበሬ ተይዞ ከየት መጣ ሲባል ከገበያ ነው መልሱ። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ዲሲና ዱባይ የሚደርሰውም ያው ነው፣ ብዙ ጊዜ አይመረመርም። የታሸገ ምርት ላይ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው የባለስልጣኑ ነፃ መስመር 8482 ላይ መደወል ይችላል፣ ከመደወሉ በፊት ማሸጊያውን እንዳይጥል፣ የተረፈውን ምግብ ሌላ እቃ ውስጥ ሳይገለብጥ እዛው እንዳለ አሽጎ እንዲያስቀምጥ፣ የባች ቁጥሩን፣ የተመረተበትን ቀንና የገዛበትን ሱቅ እንዲጽፍ ያስፈልጋል፣ ካልሆነ መርማሪው የትኛው ምርት እንደሚሰበሰብ አያውቅም።