የካሪቢያን ደሴቶችና ወደቦች የቀድሞ የባሕር ካርታዎች

ከኩባ እስከ ትሪኒዳድ የተደረደሩት የካሪቢያን ደሴቶችና ወደቦቻቸው ከ1500 ገደማ ጀምሮ በብራና ላይ ሲሣሉ፣ ኋላም በመዳብ ሰሌዳ እየተቀረጹ ሲታተሙ ኖረዋል። የየብስ ካርታ ሠሪ ባዶ ትቶት የሚያልፈውን ውሃ የባሕር ካርታ ሠሪ በቁጥር፣ በነጥብና በመስቀል ይሞላዋል። ቁጥሩ ጥልቀት ነው፤ ነጥቡ የአሸዋ ደለል፣ መስቀሉ ከውሃ በታች የተደበቀ ዐለት፣ ትንሿ መልሕቅ ደግሞ መርከብ ሊያርፍበት የሚችል ቦታ ናት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ካርታዎች

ታይኖና ካሊናጎ የተባሉት የደሴቶቹ ነባር ሕዝቦች ከደሴት ደሴት በታንኳ ይመላለሱ ነበር። ዕውቀታቸው በአውሮፓውያን ካርታዎች ላይ የቀረው በአብዛኛው በቦታ ስም ነው፤ ኩባ፣ ሄይቲና ጃማይካ የሚሉት ስሞች ከእነርሱ የተወረሱ ናቸው።

አሜሪካን ከሚያሳዩትና እስከ ዛሬ ከቆዩት ካርታዎች ቀዳሚ የሚባለው ሁዋን ዴ ላ ኮሳ በ1500 የሣለው ሲሆን፣ ማድሪድ በሚገኘው የባሕር ኃይል ሙዚየም ተቀምጧል። ካርታው ኩባን ደሴት አድርጎ ያሳያል። ኮሎምበስ ግን በሰኔ 1494 ኩባ ዋና ምድር ናት ብለው እንዲምሉ መርከበኞቹን አስገድዶ ነበር፤ ቃሉን ያጠፈ ምላሱ እንደሚቆረጥና 10,000 ማራቬዲ (የስፔን ገንዘብ) እንደሚቀጣ ተደንግጓል። ከማሉት አንዱ ራሱ ላ ኮሳ ነው። ኩባን መርከብ ዙሪያዋን ዞሮ ደሴትነቷን ያረጋገጠው ደግሞ በ1508 እና በ1509 መካከል በመሆኑ፣ አንዳንዶች ካርታው ከ1500 በኋላ ተነካክቷል ይላሉ። ልምድ ያለው መርከበኛ ከነዋሪዎቹ ሰምቶ ሊሥላት እንደሚችል ማሰብ ግን ከባድ አይደለም። የሂስፓኒዮላን (ዛሬ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ያሉባትን ደሴት) ሰሜናዊ ጠረፍ የሚያሳየውና ለኮሎምበስ እጅ የሚሰጠው ትንሽ ንድፍም እንዲሁ ያከራክራል።

ሴቪል ላይ በ1503 የተቋቋመው የንግድ ቤት ፓድሮን ሬያል የሚባል አንድ ዋና ካርታ ይዞ፣ የተመላሽ መርከቦችን ወሬ እየሰበሰበ ያርመው ነበር። በ1508 አሜሪጎ ቬስፑቺ የመጀመሪያው ዋና የመርከብ መሪ ተብሎ ተሾመ። ዋናው ካርታ ምሥጢር ስለነበር አልታተመም፤ ቅጂዎች ግን ሾልከዋል። ፖርቱጋሎችም በበኩላቸው ምሥጢራቸውን ይጠብቁ ነበር። ቢሆንም በ1502 አልቤርቶ ካንቲኖ የተባለ የጣሊያን መልእክተኛ ለፌራራው መስፍን ከሊዝበን በድብቅ ያስወጣው ካርታ ዛሬ ሞዴና ይገኛል፤ አንቲሊስን፣ ማለት የካሪቢያን ደሴቶችን፣ የካስቲል ንጉሥ ደሴቶች ብሎ ይጠራቸዋል።

የ17ኛው ክፍለ ዘመን

እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮችና ደቾች ደሴቶችን መያዝ ሲጀምሩ የመሬት ባለቤትነትን የሚያሳይ ካርታ በዛ። ሪቻርድ ሊጎን በ1657 ያሳተመው የባርቤዶስ ካርታ በጠረፉ ዳር የእርሻ ባለቤቶችን ስም ደርድሯል። በደሴቲቱ መሃል ደግሞ በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው በሚሸሹ ባሪያዎች ላይ ሲተኩስ ይታያል፤ የስኳር ደሴት እንዴት ትተዳደር እንደነበር በአንድ ጥግ የሚናገር ሥዕል ነው። ሪቻርድ ፎርድ በ1670ዎቹ የሠራው የዚያችው ደሴት ካርታ አብያተ ክርስቲያናትና ምሽጎች የሉበትም፤ ቀያሹ ጦርነትንና የመንግሥት ቤተ ክርስቲያንን የማይቀበለው የኩዌከር እምነት ተከታይ ነበርና ሆን ብሎ ትቷቸዋል።

ለመርከብ መሪዎች በ1689 ለንደን ላይ የወጣው የእንግሊዝ ፓይለት የተባለው የባሕር ካርታዎች ስብስብ አራተኛ መጽሐፍ ነበረ። ከ100 ዓመት በላይ እየታተመ ቆይቷል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ የመዳብ ሰሌዳ ውድ ስለሆነ የአሳታሚው ስም እየተፋቀና አዲስ ስም እየተቀረጸ ያው የድሮ ልኬት በአዲስ ዓመተ ምሕረት ይሸጥ ነበር። ደቾቹ አሳታሚዎች ቫን ኩለኖችም ሰፊ የባሕር አትላስ አሳትመዋል።

ሃቫና፣ 1762

አንድ ካርታ በጦርነት ምን ያህል እንደሚመዝን ከሃቫና ከበባ የተሻለ ማሳያ የለም። ወደ ሃቫና የሚሄድ ትልቅ መርከብ አብዛኛውን ጊዜ በኩባ ደቡብ ዞሮ በምዕራብ በኩል ይመጣ ነበር። በሰሜን ያለው የድሮው ባሃማ መተላለፊያ በአንድ በኩል የኩባ ደሴቶች፣ በሌላ በኩል የባሃማ ደለል ያጠበቡት በመሆኑ ለጦር መርከብ ጓድ አይሆንም ተብሎ ይታመን ነበር። የእንግሊዙ አድሚራል ጆርጅ ፖኮክ ወደ 200 የሚጠጉ መርከቦች ይዞ በዚሁ ሊያልፍ ወሰነ። በእጁ የነበረው ከስፓኒያርዶች የተገኘ ካርታ ነው። ሪችመንድ የተባለችውን ፍሪጌት (ፈጣን የጦር መርከብ) አስቀድሞ ልኮ መተላለፊያውን አስለካ፤ በአደገኛው ደለል ጫፍ ጀልባዎችን አቆመ፤ ሌሊት በትናንሾቹ ደሴቶች ላይ እሳት እየተለኮሰ መርከቦቹ በብርሃኑ መካከል አለፉ። የስፓኒያርዶቹ ካርታ ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ የሠሩት ሰዎች ሙያ በጠላት እጅ መመስከሩ የሚያሳዝን ዕጣ ነው።

ወታደሮቹ ሰኔ 7 ከሃቫና ምሥራቅ አረፉ። ስፓኒያርዶች የወደቡን ጠባብ አፍ ለመዝጋት ሦስት የጦር መርከቦቻቸውን እዚያው አሰጠሙ። የሞሮ ምሽግ ሐምሌ 30 ወደቀ፤ ከተማዋ በነሐሴ አጋማሽ እጇን ሰጠች፤ በ1763 ውል በፍሎሪዳ ልዋጭ ለስፔን ተመለሰች። ከዚህ በኋላ ለንደን ላይ የታተሙት የሃቫና ካርታዎች ብዙ ናቸው፤ የተሰጠሙትን መርከቦች የሚያሳዩም አሉ።

የሃቫናን ካርታ ዕድሜ ለመገመት የካባኛን ኮረብታ መመልከት ይበቃል። እንግሊዞች መድፋቸውን የተከሉት እዚያ ላይ ስለነበር ስፔን ከተማዋን እንደተረከበች በ1763 ትልቅ ምሽግ መሥራት ጀመረችና በ1774 ጨረሰች። ኮረብታው ባዶ ከሆነ ልኬቱ ከምሽጉ በፊት የተወሰደ ነው፤ በርዕሱ ሥር 1780 ቢልም እንኳ ቀራጩ የቀዳው ከአሮጌ ሰሌዳ ነው። በጃማይካም ተመሳሳይ ምልክት አለ። ሰኔ 7 ቀን 1692 በመሬት መንቀጥቀጥ የፖርት ሮያል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ባሕር ገባ፤ ኪንግስተን የተቆረቆረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ኪንግስተን የሌለችበት ካርታ ይዘቱ ከ1692 በፊት ነው።

ጥልቀት እንዴት ይለካ ነበር

የመለኪያው ገመድ ጫፍ ላይ ከ7 እስከ 14 ፓውንድ የሚመዝን እርሳስ ይታሰራል። እንግሊዞች ገመዱን በጨለማም እንዲታወቅ በዳሰሳ ያበጁት ነበር፤ በ2 ፋቶም (አንዱ ፋቶም 1.83 ሜትር ነው) ሁለት የቆዳ ቁራጭ፣ በ3 ሦስት፣ በ5 ነጭ ጨርቅ፣ በ7 ቀይ ጨርቅ፣ በ10 ቀዳዳ ያለው ቆዳ። የጨርቆቹ ዓይነትም ስለሚለያይ ለካዩ በእጁ ወይም በከንፈሩ ዳስሶ ይለያቸዋል። በእርሳሱ ታች ጎድጓዳ አለ፤ ሞራ ይመረግበታል። ሞራው አሸዋ፣ ጭቃ ወይም የዛጎል ስብርባሪ ይዞ ሲወጣ የባሕሩ ወለል ዓይነት ከቁጥሩ ጎን ይጻፋል። ሞራው ንጹሕ ሆኖ ወይም ተቧጭሮ ከወጣ ወለሉ ዐለት ነው፤ መልሕቅ አይዝም።

ስሕተቱ የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው። መርከቧ እየሄደች ከሆነ ገመዱ ይጋደማል፤ ጥልቀቱ ከእውነቱ በልጦ ይነበባል። አዲስ ገመድ ሲርስ ያጥራል፣ ያረጀው ይለጠጣል፤ በመሆኑም ገመዱን እርጥብ ሳለ መለካት ግድ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን በሁለት ልኬት መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ የኮራል ዐለት እንደ ግድግዳ ከጥልቅ ውሃ ብቅ ስለሚል በ10 እና በ12 መካከል አንድ የማይታይ 1 ሊኖር ይችላል።

የ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ

ፈረንሳይ በ1720 የባሕር ኃይል ካርታዎች ማከማቻ አቋቋመች። እዚያ የሠራው ዣክ ኒኮላ ቤላን በ1764 ከ500 በላይ ካርታዎች በ5 ቅጽ አወጣ። ሥራው ያማረ ነው፤ ይሁንና የመርከቦችን ማስታወሻ በጠረጴዛ ላይ እያመሳከረ ያጠናቀረው ስለሆነ የአንዱ ወደብ ካርታ ከጎረቤቱ ጋር በጥራት አይመጣጠንም። የቶማስ ጄፈሪስ የምዕራብ ኢንዲስ አትላስ ከሞቱ በኋላ በ1775 ወጣ።

ኬንትሮስ፣ ማለት አንድ ቦታ ከመነሻ መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለው ርቀት፣ እስከዚህ ጊዜ ድረስ በግምት ነበር፤ በትክክል ለማወቅ የመነሻውን ሰዓት ሳይዛባ የሚይዝ ሰዓት ያስፈልጋል። የጆን ሃሪሰን ሰዓት የተፈተነውም በካሪቢያን ነው፤ በ1762 ጃማይካ ሲደርስ ስሕተቱ 5 ሰከንድ ያህል፣ በ1764 ባርቤዶስ ላይ ደግሞ 39 ሰከንድ ሆነ። አንድ ሰከንድ የኬንትሮስ ሩብ ደቂቃ ስለሆነ የኋለኛው 10 ኖቲካል ማይል አይሞላም።

ስፔን በ1792 በኮስሜ ዴ ቹሩካና በሆአኪን ፊዳልጎ መሪነት መርከቦችን ላከች። ፊዳልጎ የደቡብ አሜሪካን ዋና ምድር፣ ቹሩካ ደሴቶቹን ያዙ። ቹሩካ ከፖርት ኦፍ ስፔን ተነሥቶ ወደ ሰሜን ለካ፤ በ1793 ፖርቶ ሪኮ ላይ ጨረቃ አልደባራን የተባለውን ኮከብ ስትሸፍነው ሰዓቱን መዝግቦ የሳን ሁዋንን ኬንትሮስ አወጣ። በዘመኑ ከዚህ የጠራ ሥራ ማግኘት ይቸግራል። ቹሩካ በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት ሞተ።

ቅየሳ መሬት መንጠቂያም ነበር። ሴንት ቪንሰንት በ1763 ለእንግሊዝ ስትሰጥ ቀያሾች ጋሪፉና ወደተባሉት የደሴቲቱ ነዋሪዎች መሬት መንገድ ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ውጤቱ የ1772 እና 1773 ጦርነት ሆነ። የጆን ባይርስ የ1776 ካርታ የተሸነሸኑትን ይዞታዎች ያሳያል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ አድሚራልቲ (የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት) ቀያሾች አብዛኛውን እንደገና ለኩት። በ1831 ሮበርት ሾምቡርክ የአኔጋዳን ዐለት ቀየሰ፤ ደሴቲቱ ከባሕር በላይ 9 ሜትር እንኳ ስለማትሞላ ሳትታይ መርከብ ትሰብር ነበር።

ካርታውን ዛሬ ለሚያነብ

በመጀመሪያ የጥልቀቱን መለኪያ ያጣሩ። የእንግሊዝ ፋቶም 1.83 ሜትር፣ የስፔን ብራሳ 1.67፣ የፈረንሳይ ብራስ 1.62 ነው። 7 ሜትር ውሃ የምትሻ መርከብ እንግሊዛዊ ካርታ 4 ባለበት ታልፋለች፤ ፈረንሳዊው 4 ባለበት ትቀረቀራለች።

ቀጥሎ የኬንትሮሱን መነሻ ይፈልጉ፤ ፓሪስ፣ ካዲዝ፣ ለንደን ወይም ፌሮ (ከካናሪ ደሴቶች አንዷ) ሊሆን ይችላል። የሄይቲ ዋና ከተማ ፖርት ኦ ፕሪንስ ለንደን ካለው ግሪኒች 72°20′ ምዕራብ ናት፤ ከፓሪስ ሲቆጠር 74°40′ ይሆናል። መነሻው ሳይለወጥ ከተወሰደ ከተማዋ ወደ 245 ኪሎ ሜትር ባሕር ላይ ትጣላለች።

ርቀት ሲለኩ በዚያው ወረቀት ላይ በታተመው መለኪያ ይጠቀሙ። ወረቀቱ የታተመው እርጥብ ሆኖ ስለሆነ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በአንድ አቅጣጫ ከሌላው ይብሳል።

አሮጌውን ካርታ በኮምፒውተር ከዛሬው ጋር ለማጋጠም ቢያንስ አራት ተራርቀው ያሉ ነጥቦች ያስፈልጋሉ። የአሸዋ ልሳንና የማንግሮቭ ጠረፍ ስለሚንቀሳቀሱ አይታመኑም፤ ምሽግ፣ የቤተ ክርስቲያን ግንብና የዐለት አፍንጫ ይሻላሉ። ጠረፉ አልገጥም ሲል ካርታውን ከመጠርጠር በፊት ባሕሩ በአፈር ተሞልቶ የብስ መሆን አለመሆኑን ያጣሩ። የፖርት ኦፍ ስፔኑ ሳን አንድሬስ ምሽግ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካርታዎች ላይ ከጠረፉ ወጣ ብሎ በውሃ ውስጥ ይታያል፤ ዛሬ በከተማው መሃል የብስ ላይ ቆሟል፤ ሁለቱም ሥዕሎች ልክ ናቸው።